ላስ ቬጋስም አፈሯ ይታጠባል

ላስ ቬጋስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የቁማር ቤት መብራትና የታክሲ ሰልፍ ነው። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ ወንዝ አለ፤ ላስ ቬጋስ ዋሽ ይባላል።

ርዝመቱ 12 ማይል ያህል ነው። በዓመት 4 ኢንች ያህል ብቻ በሚዘንብበት በዚህ በረሃ ከተማው ሲያድግ፣ ተጣርቶ የሚለቀቀው ፍሳሽ ክረምት ከበጋ ይወርድበት ጀመር። መጀመሪያ ረግረግና ቄጠማ አበቀለ፤ ውሃው ሲበዛ ግን መሬቱን ይበላው ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ 2,000 ኤከር ያህል የነበረው ረግረግ በ1990ዎቹ ወደ 200 ኤከር ወረደ። አፈሩ ታጥቦ ሚድ ሐይቅ ገባ።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ውሃ ከአፋፍ ሲወድቅ ሥሩን ይቦረቡራል፤ ሥሩ ባዶ የሆነው አፋፍ ይናዳል፤ በተናደ ቁጥር ቦረቦሩ ሽቅብ ይጓዛል። ጎጃም ወይም ወሎ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዘንድሮ ከብት የሚሻገረው ስንጥቅ ከጥቂት ክረምት በኋላ ገደል ይሆናል።

እዚህ በ1998 የሚመለከታቸው ሁሉ አንድ ኮሚቴ አቋቋሙ። የውሃውን ጉልበት የሚሰብሩ 21 ክትሮች ታቀዱ፤ በዳርና ዳሩም የአገሩ ተክል ተተከለ። ረግረጉም ማገገም ጀመረ።

እኛስ ዕውቀቱ አጥሮን ነው? አይደለም። በወሎ ማይባር በ1981፣ በሸዋ አንዲት ጥድ በ1982፣ በጎጃም አንጀኒ በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ተከፍተው ወንዙ የሚወስደው አፈር ይለካ ነበር። ከዚያ ጥናት የተነሣው ሃንስ ሁርኒ የታረሰ መሬታችን በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ ገመተ። ይህ ከማሳው ላይ 4 ሚሊሜትር ያህል መግፈፍ ማለት ነው።

በደርግ ዘመን ገበሬው በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ሠራ። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው እርከኑ ፈረሰ፣ የተከለለው ደን ተጨፈጨፈ። ገበሬው በትእዛዝ የሠራውን የራሴ ነው አላለማ! እኔ አገር ቤት ጋዜጠኛ ሳለሁም ወደ ዴስካችን የሚመጣው ሪፖርት የተሠራውን እርከን በኪሎ ሜትር ይቆጥራል እንጂ ከክረምቱ በኋላ የቆመውን አይነግረንም ነበር።

ቀድሞ የዓባይ ደለል የሚሞላው በ1966 የተሠራውን የሱዳኑን ሮዛሪስ ግድብ ነበር። በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ግን ከእርሱ በላይ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ከጎጃም ማሳ የሚሄደው አፈር የሚተኛው በራሳችን ሐይቅ ውስጥ ነው።

ለትውልድ ቀያችሁ ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖች፣ ከመንደሩ በላይ ያለውን ቦረቦርም አትርሱት። ገና ጉልበት ሳይደርስ በድንጋይ ክትር ይያዛል፤ ገደል ከሆነ በኋላ ግን መንደሩ ብቻውን አይችለውም። ገበሬውም ማሳው ነገም የእርሱ መሆኑን ሲያምን ክትሩን ራሱ ይጠብቀዋል።