ቅርቡ ነጥብ አንድ ብቻ የሚሆነው መቼ ነው?

በዩክሊድ ኅዋ ውስጥ ባዶ ያልሆነ ዝግ ስብስብ፣ ማለትም ዳርቻውን ጠቅልሎ የያዘ ስብስብ፣ ከውጭ ላለ ለየትኛውም ነጥብ ከሁሉ የሚቀርብ ነጥብ አያጣም። ጥያቄው ያ ቅርብ ነጥብ አንድ ብቻ ነው ወይ የሚለው ነው።

ሁልጊዜ አይደለም። የክብ መስመር ነጥቦች ሁሉ ከማዕከሉ እኩል ይርቃሉ። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ፓራቦላ ነው። ከፍታው የአግድም ርቀቱ ካሬ የሆነውን ፓራቦላ ወስደን በመሃሉ ሽቅብ እንውጣ። እስከ 1/2 ከፍታ ድረስ ቅርቡ ነጥብ የታችኛው ጫፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ እንዳለፍን ግን ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ነጥቦች ይቀድሙታል። ከፍታው 1 ሲሆን ጫፉ 1 ይርቃል፣ ሁለቱ ግን 0.87 ገደማ ብቻ። ኸርበርት ፌደረር እ.ኤ.አ. በ1959 ያጠናው ይህንኑ ገደብ ነው፦ ከስብስቡ ምን ያህል እስክንርቅ ድረስ ነው ቅርቡ ነጥብ አንድ ሆኖ የሚዘልቀው?

እንዲህ ያሉ አሻሚ ነጥቦች ግን ጥቂት ናቸው። አንድ እርምጃ ስንራመድ ከስብስቡ ያለን ርቀት ከእርምጃችን በላይ አይለወጥም፤ ስለዚህ በራዴማከር የ1919 ቴዎረም መሠረት ርቀቱ በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ተዳፋት አለው። ተዳፋቱ ባለበት ደግሞ አቅጣጫው ቅርቡን ነጥብ ለይቶ ያሳያል። የአሻሚዎቹ ጠቅላላ ስፋት ዜሮ ነው።

በእኔ እምነት የመስኩ ውበት ኤድጋር አስፕሉንድ በ1969 በተጠቀመበት ስሌት ላይ ነው። ከአንድ ቋሚ መነሻ ያለንን ርቀት ካሬ እንውሰድ፤ ከላዩ ከስብስቡ ያለንን ርቀት ካሬ እንቀንስ። ስብስቡ አንድ ነጥብ ብቻ ቢሆን ካሬዎቹ ተጣፍተው ቀጥተኛ ፈንክሽን ይቀራል። ብዙ ነጥብ ሲኖረው ከቀጥተኞቹ ትልቁን በየቦታው እንይዛለን፤ ይህ ደግሞ የግድ ኮንቬክስ ፈንክሽን ነው (የግራፉን ሁለት ነጥቦች የሚያገናኝ ቀጥታ መስመር ከግራፉ በታች አይወርድም)፣ ስብስቡ ራሱ የቱንም ያህል የተቦረቦረ ቢሆን።

ስብስቡ ራሱ ኮንቬክስ ከሆነማ፣ ማለትም ሁለት ነጥቦቹን የሚያገናኘውን መስመር ሁሉ ከያዘ፣ አሻሚ ነጥብ ጨርሶ የለም፤ ሁለት እኩል ቅርብ ነጥቦች ቢኖሩ የመሃላቸው ነጥብ ከሁለቱም ይቀርብ ነበር። ግልባጩን፣ ማለትም አሻሚ ነጥብ የሌለው ዝግ ስብስብ ሁሉ ኮንቬክስ መሆኑን፣ ቡንት በ1934፣ ሞትስኪን በ1935 አረጋገጡ። ማስረጃቸው የሚሠራው የአቅጣጫዎቹ ቁጥር ውስን ሲሆን ነው። የአቅጣጫዎቹ ቁጥር ወሰን በሌለው የሂልበርት ኅዋ ግን ቪክቶር ክሊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያነሳው ይኸው ጥያቄ እስካሁን ክፍት ነው። ጎርደን ጆንሰን በ1987 ኮንቬክስ ያልሆነ ምሳሌ አቅርቧል፤ የተጠቀመበት ኅዋ ግን ሙሉ ስላልነበረ፣ ማለትም ክፍተቶች ስለነበሩት፣ የክሊን ጥያቄ አልዘጋውም።