አንድ ጠመንጃ፣ የማን ጥይት?

በጅባትና ሜጫ አገር የጠመንጃ ወሬ ሲነሳ ስም መደርደሩ አይቀርም፤ ውጅግራ፣ ለበን፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ። ጨዋታው ሲደምቅ ደግሞ “አንዱን ብቻ ያዝ ብትባል የቱን ትመርጣለህ?” የሚል ክርክር ይከተላል። አንዱ ሩቅ የሚመታውን ያወድሳል፣ ሌላው የማይከሽፈውን፣ ሦስተኛው ለፈረሰኛ የሚመቸውን። እኔ ግን ጠመንጃውን ከማንሳቴ በፊት ስለ ጥይቱ እጠይቃለሁ። ከየት ይመጣል? ሲያልቅስ ማን ይተካዋል? ከሆለታ እስከ ጉደር ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የተዋጉ አርበኞች የመረጡት፣ ወይም ለመምረጥ የተገደዱት፣ በዚህ ጥያቄ ነበር።

ውጅግራን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ርዝመቱ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊቷ የተቀበለችው ይህ ጠመንጃ 1 ሜትር ከ30 ያህል ይረዝማል፣ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጎራሽ ነው፤ አንዲት ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ተኳሹም እንደገና ወደ ዝናሩ እጁን ይሰዳል። በምኒልክ ዘመን በብዛት ወደ አገር ገብቷል፤ በ1888 ዓድዋ ላይ ከነበሩት ጠመንጃዎችም አንዱ ነው። ጥይቱ በየገበያው ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ እስከመቆጠር ደርሶ ነበር። የናሱ ቀለህ ወፍራም ስለሆነ ተለቅሞ በባሩድና በእርሳስ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ከውጭ ጥይት ለማይደርሰው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ጭሱ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ነጭ ደመና ያወጣል፤ ጫካ ውስጥ አድፍጦ የሚተኩስ ሰው በመጀመሪያው ተኩስ የተደበቀበትን ያሳብቃል።

ጠመንጃን በጠመንጃነቱ ብቻ እናወዳድር ከተባለ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ቤልጅግን የሚስተካከል አልነበረም ባይ ነኝ። መንግሥት ኤፍኤን ከተባለው የቤልጅግ ፋብሪካ ያስመጣው የማውዘር ዓይነት ነው። አምስት ጎራሽ፣ ጥይቱ 7.92 ሚሊ ሜትር፣ ባሩዱ ጭስ አልባ፣ ማቀባበያው እጅግ ጠንካራ። በ1927 በስዊድን መኮንኖች አሰልጣኝነት በሆለታ የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችን በዘመናዊ መንገድ ማሰልጠን ሲጀምር፣ አገሪቱ ከልዩ ልዩ ጠመንጃ ወደ አንድ ወጥ መሣሪያ ለመሸጋገር እየሞከረች ነበር። ሙከራው ሳይጠናቀቅ ጦርነቱ ደረሰ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ የጠመንጃ ምርጫ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ቤልጅጉ በአርበኛው እጅ ቀረ እንጂ ጥይቱ የሚመጣበት በር ተዘጋ። 30 ጥይት በዝናሩ የያዘ ሰው 30 ጊዜ ይተኩሳል፤ ከዚያ በኋላ በእጁ የያዘው ዱላ ነው። ጥይት የማያልቅበት አንድ ባለቤት ብቻ ነበር፤ እሱም ጠላት።

ስለዚህ የጣሊያኑን ጠመንጃ ቀረብ ብለን እንየው። ካርካኖ ይባላል፤ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1891 የተቀበለችው ነው። ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ትከሻን ብዙ አይደቁስም። አጭሩ የፈረሰኛ ዓይነት ርዝመቱ 92 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከአፈሙዙ ሥር የሚታጠፍ ሳንጃ አለው። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ለሚሽሎከለክ ሰው ረጅሙ ውጅግራ ከእሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስድስት ጥይቶች በቀጭን የብረት ማቀፊያ ታቅፈው እንዳሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሆዱ ይገባሉ። ማቀፊያው ላይና ታች የለውም፣ በየትኛውም ወገን ቢገባ ይሠራል፤ በጨለማ ለሚያጎርስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመጨረሻዋ ጥይት ወደ በርሜሉ ስትገባ ባዶው ማቀፊያ ከሥር ባለው ቀዳዳ ሾልኮ መሬት ይወድቃል። ያለ ማቀፊያው ጥይት በጥይት ላይ ደርድሮ መተኮስ አይቻልም፤ ስድስት ጎራሹ ተመልሶ አንድ ጎራሽ ይሆናል። እንግዲህ ካርካኖ የማረከ አርበኛ ጥይቱን ብቻ ሳይሆን ያችን የወደቀች ቁራጭ ብረትም ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነበረበት።

በ1913 በደንዲ አገር የተወለዱት አርበኛው ጃገማ ኬሎ ጫካ የገቡት በ15 ዓመታቸው ነው። እንደ ጭልሞና ጅባት ያሉ ደኖች ያሉበት ይህ አገር ለደፈጣ የተመቸ ነው፤ መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ የሚያልፍ በመሆኑ የጠላት ጭነትም አይጠፋበትም። ጃገማ በኋላ ሌተና ጄኔራል እስከመሆን ደርሰው በ2009 አረፉ። ከሚታወሱባቸው ውጊያዎች አንዱ የአዲስ ዓለሙን ምሽግ ማጥቃታቸው ነው። የጠላትን ምሽግ መስበር ማለት ድል ብቻ አልነበረም፤ የመሣሪያ መጋዘን መክፈትም ነበር። በ1930 ጭልሞ ውስጥ ሆኜ አንዱን ምረጥ ብባል ቤልጅጉን በሐዘን አስቀምጬ አጭሩን ካርካኖ አነሳ ነበር። ጥይቱ ያለው እዚያው መንገድ ላይ፣ ጊንጪ ከተማ ነዋ!

ከነጻነት በኋላ የጥይቱ ምንጭ ወደ አሜሪካ ዞረ። በ1943 ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተዋጋው በአሜሪካ መሣሪያ ነው። ኤም ዋን የተባለው ስምንት ጎራሽ ራሱ ያቀባብላል፤ ተኳሹ የሚጠበቅበት ቃታ መሳብ ብቻ ነው። ስምንተኛዋ ስትተኮስ ማቀፊያው እንደ ካርካኖ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ እየጮኸ ይዘላል።

በ1969 ደርግ ፊቱን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲያዞር ክላሽ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላው ሁሉ ተረሳ ማለት ይቻላል። የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል፤ ጭቃም አቧራም ቶሎ አያስቆመውም። ሰው የሚያወራለት ይህንን ነው። የእኔ ትኩረት ግን እዚያው አምቦ አካባቢ ባለው የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ ላይ ነው። አባቶች ጥይት ከጠላት ወገብ በሚፈቱበት አገር፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ ጥይት በፋብሪካ ተመረተ። ለክላሽ መንሰራፋት ከጠመንጃው ጥንካሬ እኩል የጥይቱ በየቦታው መገኘት አስተዋጽኦ አድርጓል ብዬ አምናለሁ። ይህ መገኘት ምዕራብ ሸዋን ባለፉት ዓመታት ምን ያህል እንዳስከፈለ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ ልጁን የቀበረ ሰው ስለ ጠመንጃ ምርጫ መስማትም አይፈልግም።

ዛሬ ምርጫው የግለሰቡ ብቻ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ከአያት የወረደ ቤልጅግ ወይም ካርካኖ ያለው ቤተሰብም ቅርስ ነው ብሎ ዝም ማለት የለበትም፤ ወደ ሕጋዊው አካል ሄዶ መጠየቅ አለበት። ከዚያ በፊት ግን ጠመንጃውን ለማውረድ የሚነሳ ሰው አፈሙዙን ከሰው ያርቅ፣ ጣቱን ከቃታው ያርቅ፣ ልጆችን ከቤት ያስወጣ፤ ውስጡ ጥይት መኖር አለመኖሩንም በሚያውቅ ሰው ያስመርምር። ደረቅ ቦታ የቆየ ጥይት ሰማንያ ዓመት ቢሞላውም ሊፈነዳ ይችላል።