ምዕራፍ 7፦ በራሱ ጠፍቶ የሚነሳ ኮምፒዩተር

ጨርሶ የማይነሳ ኮምፒዩተር ብዙም አያስቸግርም፤ የሞተው ክፍል ተፈልጎ ይቀየራል። ሰውን የሚያሰለቸው ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ጥቁር ብሎ እንደገና የሚነሳው ነው። ዛሬ ሁለት ጊዜ ያደርገዋል፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ጨዋ ይሆናል፣ ባለሙያ ፊት ሲቀርብማ ምንም እንዳልነበረው ነው። በቨርጂኒያዋ ስፕሪንግፊልድም ሆነ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ከዘመድ ከወዳጅ የሚገኘው ምክር ግን አይለወጥም፦ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት አድርገው»። ይህ ምክር የስንቱን የሠርግና የክርስትና ፎቶ እንዳጠፋ እሱ ይወቀው።

ምክሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። በኦገስት 2003 ብላስተር የሚባል ትል ዊንዶውስ ኤክስፒን ሲያምስ፣ ኮምፒዩተሩ በ60 ሰከንድ ውስጥ እንደሚጠፋ የሚቆጥር ሳጥን ብቅ ይልና ማሽኑ ይጠፋ ነበር። በ2004 ሳሰር የተባለው ተመሳሳይ ታሪክ ደገመ። የመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን በዚያ ዘመን የገዛ ሰው ቫይረስን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የዛሬ ቫይረስ ጸሐፊ ግን የሚስጥር ቁጥርዎን መስረቅ ስለሚፈልግ ማሽኑ ጸጥ ብሎ ቢሠራለት ይመርጣል። እኔ ቫይረስን ከተጠርጣሪዎች መጨረሻ ነው የማሰልፈው።

መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ተነስ ብሎ ያዘዘው ማን ነው? ትእዛዙ ከውጭ፣ ከኤሌክትሪኩ በኩል ሊመጣ ይችላል፤ ወይም ዊንዶውስ ራሱ ሊያዝ ይችላል። ሁለቱም በ2024 ጁላይ ወር ውስጥ፣ በ9 ቀን ልዩነት፣ በትልቅ መጠን ታይተዋል።

ጁላይ 10 ቀን 2024 (ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.)፣ ስፕሪንግፊልድ በምትገኝበት በፌርፋክስ አካባቢ፣ በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ የተገጠመ የመብረቅ መከላከያ ተበላሸ። እንዲህ ያለ መስመር ሲነካ ራሱን ይቆርጥና መልሶ ይሞክራል፤ የነካው ቅርንጫፍ ከሆነ እስከዚያው ወድቆ ይሆናል በሚል ነው። ያን ዕለት ግን የተበላሸው ዕቃ እዚያው ስለነበር እያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ብልሽት ወለደ፤ ቮልቴጁ በ82 ሰከንድ ውስጥ 6 ጊዜ ወረደ። አንዱ መውረድ የቆየው ከ42 እስከ 66 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ችግሩ በደረሰበት አካባቢ የቀረው ቮልቴጅ ከመደበኛው ከ25 እስከ 40 በመቶ ነበር። ወደ 60 የሚጠጉ የዳታ ማዕከላት ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ከመስመሩ አላቀው ወደ መጠባበቂያ ኃይላቸው ዞሩ፤ 1500 ሜጋ ዋት ያህል ፍጆታ በአንድ ጊዜ ከመስመሩ ወረደ። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5150 ሜጋ ዋት መሆኑን ለሚያውቅ፣ ሲሶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው።

የዳታ ማዕከል መጠባበቂያ አለው። ቤዝመንት ውስጥ የተቀመጠው የእርስዎ ዴስክቶፕ ግን ያለው ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሚጠራቀመው ኃይል ብቻ ነው። ደህና ፓወር ሰፕላይ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ መብራት ቢቋረጥበት 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይታገሣል። በአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ ይህ የአንድ ምልልስ ዕድሜ መሆኑ ነው። ሲያረጅ ያም ያጥራል። እንግዲህ የ42 ሚሊ ሰከንድ መውረድ በዚያ ጥልቀት ቤትዎ ከደረሰ፣ ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ ሳያቋርጥ የሚልከው «ኃይሉ ደህና ነው» የሚል ምልክት ይቋረጣል፤ ማዘርቦርዱም ሁሉን ጥሎ ከሀ ይጀምራል። መብራቱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብቻ ደብዝዞ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ላይታወቀው ይችላል፤ ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ጨርሶ አይሰማውም።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ማይክሮዌቩ ሰዓት፣ ወደ ዋይፋዩ መብራት ይመልከቱ። እነሱም ደንግጠው ከሆነ ኮምፒዩተሩ ንጹሕ ነው፤ የሚያስፈልገው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ሰርጅ ፕሮቴክተር እዚህ ላይ አይጠቅምም። እሱ የተሠራው ከመጠን በላይ ለሚመጣ ኃይል ነው፤ ሲጎድል ከኪሱ አውጥቶ አይሞላም።

ጥፋቱ የቤቱ የራሱም ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ተራ የመኝታ ቤት መስመር 120 ቮልትና 15 አምፔር ነው፤ ሲባዛ 1800 ዋት። አንድ ስፔስ ሂተር ብቻውን 1500 ዋት ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድም ከ1000 ዋት በላይ የሚበላ ነው፤ ሙቀቱን ለመጠበቅ ደግሞ እየበራ እየጠፋ ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እናት ቤዝመንት ወርደው እንጀራ ሲጋግሩ ብቻ የሚነሳ ከሆነ እንግዲህ ምርመራው አለቀ ማለት ይቻላል። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ጤነኛ ሽቦ ላይ ምጣድ ሲበራ ቮልቴጁ የሚወርደው በጥቂቱ ነው፤ ደህና ፓወር ሰፕላይ ደግሞ እስከ 90 ቮልት ድረስ ይችለዋል። ስለዚህ ምጣዱ ኮምፒዩተሩን ከጣለው፣ ወይ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል ወይ ሶኬቱ ውስጥ የላላ ሽቦ አለ። የስፕሪንግፊልድ ብዙ ቤቶች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ ናቸው፤ በመላ አሜሪካ ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ አንዳንድ ቤቶች ውስጥ መጋጠሚያው ላይ በቀላሉ የሚላላ የአሉሚኒየም ሽቦ ገብቷል። ሶኬቱ ከሞቀ ወይም ከጠቆረ የኮምፒዩተሩን ነገር ይተዉት፤ ብሬከሩን አጥፍተው ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። እሳት የሚነሳው እንዲህ ካለ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ዊንዶውስ ራሱ ወደሚያዘው። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የተሳሳተ ማሻሻያ ላከና፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች ወደቁ፤ ብዙዎቹ በተነሱ ቁጥር መልሰው ይወድቁ ነበር። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በረራዎች ተስተጓጎሉ። መብራት አልተነካም። ዊንዶውስ ግን በራሱ እምብርት ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሳሳት ካየ፣ ፋይሎቹ ከሚበላሹ ብሎ ራሱን ያቆማል። ቤትዎ ውስጥም የተበላሸ የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር በትንሹ ይህንኑ ያደርጋል።

ያን ጊዜ የሚወጣውን ሰማያዊ ወይም ጥቁር የስህተት ገጽ አብዛኛው ሰው አያየውም፤ ወይ ብልጭ ብሎ ያልፋል ወይ ማንም ሳይኖር ወጥቶ ይጠፋል። ዊንዶውስ ከወደቀ በኋላ በራሱ እንዲነሳ ተደርጎ ስለሚመጣ ነው። ሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ፣ ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ በሚለው ሥር፣ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። በሚቀጥለው ጊዜ ገጹ ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ ጽሑፉን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ራሱን ሲያቆም ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ጽፎ ለመሄድ ጊዜ ያገኛል፤ ኤሌክትሪክ የጣለው ግን ምንም ሳይጽፍ ይሄዳል። መዝገቡ ያለው ኢቨንት ቪወር ውስጥ ነው፤ ሲስተም የሚለውን ከፍተው ኮምፒዩተሩ የጠፋበትን ሰዓት ይፈልጉ። ቁጥር 1074 ካገኙ አንድ ፕሮግራም ወይም ሰው አዞታል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሌሊት አፕዴት ሆኖ ይገኛል፣ የአዛዡም ስም አብሮ ይጻፋል። 1001 ሆኖ ባግቼክ የሚል ቃል ካለበት ያ የስህተት ገጽ ወጥቶ ነበር። 41፣ ከርነል ፓወር የሚለው ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። «ፓወር» የሚለውን አይቶ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሊገዛ ሜሪፊልድ አጠገብ ወዳለው ማይክሮ ሴንተር የሚሮጥ አለ። ያ መስመር የሚጻፈው ኮምፒዩተሩ ከተነሳ በኋላ ነው፤ የሚለውም «ባለፈው ጊዜ በወጉ አልተዘጋሁም» ብቻ ነው፣ ምክንያት አይነግርም። 41 ብቻውን ቆሞ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የባግቼክ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጥርጣሬዎን ወደ ኤሌክትሪኩና ወደ ዕቃው ያዙሩ።

ፎርማት ከማድረግ የሚቀድም፣ ምንም የማያጠፋ ፈተና አለ። ኮምፒዩተሩን ሲያበሩ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ይግቡና እዚያው ገጽ ላይ ትተውት እራት ይብሉ። እዚያ ዊንዶውስ የለም፣ ቫይረስም ቢኖር አልተነሳም። እዚያም ከጠፋ ፎርማት የማያድነው የዕቃ ወይም የኤሌክትሪክ ችግር ነው። ካልጠፋ ግን ዕቃው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ በዚያ ገጽ ላይ ማሽኑ ብዙ አይለፋም።

የቀረውን በአጭሩ። ሙቀት የጣለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል እንጂ ወዲያው አይነሳም፤ ቢሆንም ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ኮምፒዩተር አቧራውን ማራገፍ አይጎዳም። ራም ሁለት ከሆነ አንዱን አውጥተው ለጥቂት ቀን ይሞክሩ፣ ከዚያ ይለዋውጧቸው። ጌም ሲከፈት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የግራፊክስ ካርዱ በቅጽበት የሚስበው ኃይል ፓወር ሰፕላዩን እያሸነፈው ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንድ ቀን አይቀይሩ፤ ቢድን እንኳ ያዳነውን አያውቁትም። የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ደግሞ በ2024 ኩባንያው ራሱ ያመነውን ችግር ይወቅ፦ ከፍተኛ ኃይል ከሚጠቀሙት ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። ባዮሱን ማደስ ጉዳቱን ይከላከላል፣ የተጎዳውን ግን አይመልስም፤ ኢንቴል ዋስትናውን በሁለት ዓመት ስላራዘመ ከመጣልዎ በፊት ይጠይቁ።

ተጠግኖ አዲስ አበባ ላለ ወንድም ወይም እህት የሚላክ ዴስክቶፕ ከሆነ ጀርባውን ይመልከቱ። በአሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ላይ 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች። 115 ላይ እንዳለ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ወደ 230 ይግፏት። ማብሪያ ከሌለውና መለያው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈበት፣ የሚቀየረው የግድግዳው መሰኪያ ብቻ ነው።