ሊንዶስ፦ በሩድ ደሴት ኮረብታ ላይ ያለው ምሽግ

በዛሬው ጽሑፋችን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በመርከብ ከተጓዘባቸው ደሴቶች አንዷን ልናነሣ ወደናል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 እንደ ተጻፈው፣ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲያመራ ከቆስ ተነሥቶ ሩድ ገብቷል። ሩድ ዛሬ ሮድስ የምትባለው የግሪክ ደሴት ናት። መጽሐፉ የወደቡን ስም አይጠቅስም፤ የአገሩ ሰዎች ግን ከሊንዶስ ኮረብታ ግርጌ ያለችውን ጠባብ የባሕር ወሽመጥ በሐዋርያው ስም ይጠሯታል።

ኮረብታው ከባሕሩ በላይ 116 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ገደል ነው። በሐዋርያው ዘመን በአናቱ ላይ አቴና የምትባለው ጣዖት ትመለክበት የነበረው ቤተ መቅደስ ቆሞ ነበር። ከደረጃው ሥር ከአለቱ ተፈልፍሎ የተቀረጸው የመርከብ ምስል ዛሬም ይታያል። በኋላ ዘመን ክርስቲያኖች በዚያው አናት በቅዱስ ዮሐንስ ስም ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች ደሴቲቱን እ.ኤ.አ. ከ1309 እስከ 1522 ሲገዙ ግንቡን አጠናክረው ምሽግ አደረጉት፤ ከዚያም በቱርኮች እጅ ገባ።

የኮረብታውን ጥንተ ታሪክ ያወጡት ኪንክና ብሊንከንበርግ የተባሉ የዴንማርክ ሊቃውንት ናቸው። ከግኝታቸው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው በ1904 በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ተነጥፎ የተገኘው ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ነው። ምእመናን ስንት ዘመን ረግጠውት ይሆን! የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ99 ዓመት ሲሆን፣ ለቤተ መቅደሱ የተሰጡትን ስጦታዎች ይዘረዝራል። የፋርስ ሠራዊት ኮረብታውን በከበበ ጊዜ የሕዝቡ ውኃ ለ5 ቀን ብቻ ቀርቶ ሳለ ዝናብ በድንገት እንደ ወረደላቸውም ይተርካል። ይሁን እንጂ ጸሐፊዎቹ ከስጦታዎቹ ብዙዎቹን በዓይናቸው አላዩም፤ ቤተ መቅደሱ አስቀድሞ ተቃጥሎ ስለ ነበር ከአሮጌ መጻሕፍትና ደብዳቤዎች ለቅመው ጻፉ። ስለዚህ ድንጋዩ የሚመሰክረው የሆነውን ሳይሆን ሕዝቡ ያምን የነበረውን ነው ብንል ይቀለናል። ድንጋዩ አሁን በኮፐንሃገን ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

በኢጣልያ አገዛዝ ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ የወደቁት ዓምዶች በብረትና በሲሚንቶ ተደግፈው ቆመው ነበር። ብረቱ ግን በባሕሩ ጨዋማ አየር ዝጎ ጥንታዊውን ድንጋይ ሰነጠቀው። የግሪክ ባለሙያዎችም ኋላ ዓምዶቹን አውርደው ሥራውን እንደ ገና ጀመሩት።