ቀስቱ 60 ይላል፣ ሞተሩ በ56 ይሄዳል

በኮላ ድባ አሮጌ ሞተር ሳይክል ለመግዛት የሚደራደር ሰው፣ የሞተሩን ድምፅ ካዳመጠ በኋላ ዓይኑን የሚጥለው መሪው ላይ ባለው ክብ መለኪያ ላይ ነው። ቀስቱ ፍጥነቱን ይናገራል፤ ከሥሩ የተደረደሩት ቁጥሮች ደግሞ እስካሁን የሄደውን ኪሎ ሜትር። ደላላም ዋጋ የሚሰቅለው «ገና ሠላሳ ሺህ ነው!» እያለ ቁጥሮቹን በማሳየት ነው። ጣጣው ግን እነዚህ ሁለት ምስክሮች በእርጅና ዘመናቸው ሊዋሹ መቻላቸው ላይ ነው።

በአካባቢው «አሮጌ» ሲባል ሰው ዓይን የሚመጣው ያማሃ ነው። ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 የተባሉት ሞዴሎች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች እጅ ብዙ የገጠር መንገድ ፈጭተዋል፤ ከዚያም በጨረታ ወደ ነጋዴው ይሻገራሉ። ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ የተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ ደግሞ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ከፊት ጎማው መሃል ወዳለችው ትንሽ የጥርስ ቤት ይገባል። መለኪያውን የሚያዞረው ካቦ የሚነሳው ደግሞ ከዚያችው ቤት ነው።

የመለኪያው አሠራር ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ኦቶ ሹልዝ የተባለ ጀርመናዊ የባለቤትነት መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ካቦው ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱን የአሉሚኒየም ቆብ ይከበዋል፤ ሁለቱ አይነካኩም። የማግኔቱ መሽከርከር ቆቡን እየጎተተ ቀስቱን ያነሳዋል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ማግኔቱ በዕድሜ ሲደክም ቀስቱ ዝቅ ብሎ ያነባል። ሞላው ሲላላ ደግሞ ከፍ ይላል።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ማግኔትም ሞላም አያውቅም፤ ከዚያው ካቦ በጥርስ ተያይዞ ይዞራል። አዋቂ ሜካኒክ ምርመራውን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቆጣሪው ልክ ሆኖ ቀስቱ ብቻ ከሳተ ሕመሙ መለኪያው ውስጥ ነው። ሁለቱም በእኩል መጠን ከሳቱ መለኪያውን መፍታት ድካም ነው፤ ነገሩ ያለው ጎማው ወይም ጥርሱ ዘንድ ነው።

ጎማው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዲቲ 125 የፊት ጎማ 2.75-21 ነው። ባለ 21 ጎማ ጠፍቶ በዚያው ጥርስ ላይ ባለ 19 ቸርኬ ቢገጠም፣ ዙሪያው ከ2 ሜትር ከ11 ወደ 1 ሜትር ከ96 ገደማ ይወርዳል። ትንሹ ጎማ ለአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ ጊዜ ስለሚዞር መለኪያው 8 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቀስቱ 60 ሲል ሞተሩ የሚሄደው በ56 ገደማ ነው። በኪሎ ሜትር ሒሳብ የተከራየ ሰው 100 ሄዶ የ108 ይከፍላል ማለት ነው። ሻጩም ያልሄደው መንገድ ተቆጥሮበት ዋጋው ይወርድበታል። በትንሽ ጎማ ፋንታ ትልቅ ሲገጠም ተራው የገዢው ይሆናል። ይኸኛው የከፋ ነው፤ ቀስቱ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ስለሚያነብ ነጂው ሳያውቀው ይፈጥናል።

ፍተሻው ወጪ የለውም። የእጅ ስልክ የሳተላይት ፍጥነት ንባብ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ከአዘዞ ወደ ኮላ ድባ በሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ቦታ ተመርጦ፣ አንድ ጊዜ በ30፣ አንድ ጊዜ በ60 ተረጋግቶ መንዳትና ሌላ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን እንዲያነብ ማድረግ ይበቃል። ስልክ ከሌለ፣ ርዝመቱ የታወቀ አንድ ኪሎ ሜትር በ60 ሴኮንድ ካለቀ ፍጥነቱ 60፣ በ90 ሴኮንድ ካለቀ 40 ነው። ስህተቱ በ30ም በ60ም እኩል 5 ከሆነ ቀስቱ ከቦታው ተንሸራቷል። በ30 ላይ 2 ተኩል፣ በ60 ላይ 5 ከሆነ ግን ቀስቱን ነቅሎ መልሶ መትከል ምንም አይፈይድም፤ አንዱን ፍጥነት አስተካክሎ ሌላውን ያበላሻል። ይህን የሚያደርግ «ባለሙያ» አይጠፋም፤ ገንዘብ ባይከፈለው ይሻላል።

ቀስቱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካቦው ነው። የውስጡ ሽቦ ተስቦ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ ጫፎቹ ተበልተው ወይም ሽቦው ተጣሞ ከሆነ ይቀየራል። ግራሶው ስስ ሆኖ ከታች ብቻ ይቀባል፤ ከላይ ያለው አንድ ስንዝር ደረቅ ይቀራል። ግራሶ በካቦው ሽቅብ ወጥቶ መለኪያው ውስጥ ከገባ ቆቡን ከማግኔቱ ጋር ያጣብቅና ቀስቱን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ዘይት መርጨትም ያው ነው።

ከአገር ውጭ ለመጡ ጥንታዊ ሞተሮች ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእንግሊዙ ስሚዝስ መለኪያ የሚቆጥረው በማይል ሲሆን፣ ካቦው በአንድ ማይል ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት የሚገልጽ ቁጥር፣ ለምሳሌ 1600፣ ፊቱ ላይ ይታተምበታል። ቁጥሩ የማይገጥም ምትክ መለኪያ ከተገጠመ የቱንም ያህል ቢጸዳ ልክ አይሆንም። 20 ሺህ ማይልም 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ገዢ ገና ሲፈርም ከስሯል።

መለኪያ በተቀየረ ጊዜ የአሮጌው ቁጥር፣ የአዲሱ መነሻ ቁጥርና የተቀየረበት ቀን በሽያጭ ውሉ ላይ ቢሰፍር ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። አሮጌው ዕቃም አይጣልም፤ ጥንታዊ ሞተር የሚሰበስብ ገዢ ከመጣ፣ የማይሠራውን የፋብሪካ መለኪያ ጨምሮ መረከብ ይፈልጋል።