ክምሩ ሳይወቃ የደረሰ ገና

ገበሬ በገና ሰሞን ምን ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የከተማ ሰው መልሱ ቅርብ ነው፤ ጠላውን ይጠጣል፣ ዶሮውን ያርዳል፣ ሜዳ ወጥቶ ገና ይጫወታል ይላችኋል። ውሸት የለበትም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር ግን እዚህ መልስ ውስጥ የለም፦ ገና የሚውለው የገበሬው የዓመት ልፋት ጎተራ ሳይገባ፣ ሜዳ ላይ ተከምሮ ሳለ ነው። ታኅሣሥ 29 ለእኛ በዓል ነው፤ ለእሱ በዓልም ነው፣ የዓመቱ አስጊ ሳምንትም ነው።

እስቲ ከወቅቱ እንነሳ። ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል። ገብስ ቀድሞ ስለሚደርስ ብዙ ጊዜ በጥቅምት ይታጨዳል፤ ስንዴና በሐምሌ የተዘራ ጤፍ ኅዳርንና ታኅሣሥን ይጠብቃሉ። ዝናቡ ሲያባራ በቀረው እርጥበት መረሬ ላይ የተዘሩት ሽምብራና ጓያ ደግሞ ጥርን፣ አንዳንዴም የካቲትን ያያሉ። ስለዚህ በገና ሳምንት ምንጃር ወይም አዳአ ብትሄዱ የአንድ ገበሬ ሀብት ሦስት ቦታ ተበትኖ ታገኙታላችሁ፤ ከስንዴው ጥቂቱ ተወቅቶ ገብቷል፣ ጤፉ ክምር ላይ ነው፣ ሽምብራው ገና እሸት ነው።

ታጭዶ ካለቀ ለምን ወዲያው አይወቃም? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ውስጥ የገበሬው ታኅሣሥ በሙሉ አለ። ለመውቃት አምስት ነገር በአንድ ቀን መገጣጠም አለበት፦ የደረቀ ነዶ፣ የተሰናዳ አውድማ፣ በሬ፣ ሰውና ነፋስ። አውድማው ዝም ብሎ የጸዳ መሬት አይደለም። ሣሩ ተፍቆ፣ ተረግጦ፣ በእበት ተለቅልቆ መድረቅ አለበት። እበቱ ሲደርቅ የመሬቱን ስንጥቅ ይደፍናል፤ ይህ ባይሆን ጤፍ የሚባል እህል እጅ ላይ አይቀርም ነበር። የጤፍ ፍሬ አንድ ሺህ ተቆጥሮ ግማሽ ግራም አይሞላም። ስንጥቅ ያለበት መሬት ላይ ጤፍ ማበራየት ማለት የዓመት ቀለብን ለጉንዳን መስጠት ነው።

ከዚያ በሬው። ብዙ ገበሬ ጥንድ በሬ የለውም፤ አንድ ያለው ከሌላ አንድ ካለው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፣ መቀናጆ ይሉታል። ለማበራየት ግን ጥንድም አይበቃም፣ ነዶው ላይ የሚዞር ብዙ ሰኮና ያስፈልጋል። ስለዚህ የጎረቤት ከብት ይለመናል፣ ደቦ ይጠራል፣ ወይም በወንፈል ዛሬ የእኔን ነገ የአንተን ይባባላሉ። በመጨረሻ ነፋሱ አለ። በሬዎቹ ረግጠው ሲጨርሱ በመንሽ ወደ ላይ ይበተናል፣ ፍሬው በላይዳ ይነሳል፤ ገለባውን ከፍሬው የሚለየው ግን ሰው ሳይሆን ነፋስ ነው። ነፋሱ እምቢ ካለ ደቦው ጥላ ሥር ተቀምጦ ቆሎውን እየቆረጠመ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ሆዱ እየባባ ይጠብቃል።

አሁን በዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያውን ጨምሩበት። በኦርቶዶክሱ ገጠር ቅዳሜና እሑድ አለ፣ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ አለ፤ እንደ ደብሩ ደግሞ አቦ፣ ሥላሴ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ጊዮርጊስ ይጨመራሉ። በእነዚህ ቀናት አይታረስም፣ አይታጨድም፣ አይወቃም። ታኅሣሥ 19 የዓመቱ ገብርኤል ነው። ገና ካለፈ በኋላም ጥር 7 ሥላሴ፣ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ይከታተላሉ። (በነገራችን ላይ ከአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ራሱ ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል፤ ከፊቱ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች ነው።) በዓል የሻረ ሰው የሚያመጣው መዘዝ ለራሱ ብቻ አይደለም ተብሎ ይታመናል፤ በረዶ የመላውን ቀበሌ ሰብል ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል።

ይህን የሰማ የከተማ ባለሙያ ቶሎ ብሎ "የባከነ የሥራ ቀን" ይላል። እኔ አልስማማም፣ ቢያንስ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በእነዚያ ቀናት አጥር ይታጠራል፣ ገበያ ይኬዳል፣ የድንበር ጠብ በሽማግሌ ይፈታል፣ የማኅበር ጠበል ይጠጣል፤ ከሁሉ በላይ በሬው ያርፋል። ግን ክምሩ ሜዳ ላይ ሆኖ ደመና በሚመጣበት ቀን በዓል መሆኑ የሚያመጣውን ጭንቀት አልክድም። አንዳንድ ቦታ ቄሱ እህል እንዲሰበሰብ የሚፈቅዱት እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ደመናው እውነተኛ ስጋት ነው። ነዶው ሲከመር አናቱ ሾጠጥ ተደርጎ የሚገጠመው ድንገተኛ ዝናብ እንዲያንሸራትት ነው፤ ካፊያ ይመልሳል፣ ለሦስት ቀን ዶፍ ግን አይችልም። ውሃ የገባበት ስንዴ ክምሩ ውስጥ ይበቅላል። ጤፉ ባይበቅል እንኳ ይጠቁራል፤ ነጭ ጤፍ ተብሎ ሊሸጥ የነበረው ዋጋው ይወድቃል። ደረቅ ሲሆን ደግሞ እሳት አለ፤ ከአንድ ምድጃ የወጣ ፍም የሦስት ጎረቤት ክምር ሊበላ ይችላል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በመጣ ጊዜ የወሎና የራያ ገበሬ ገና ያልታጨደ ማሽላና ጤፍ በዓይኑ እያየ ሲበላ አይቷል።

ደጋው ላይ ደግሞ ጠላቱ ጥርት ያለው ሰማይ ነው። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ደመና ሲኖር መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ይይዝላታል፤ ሰማዩ ጥርት ሲል ግን ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ተዳፋቱን ይዞ ይወርድና ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ለዚህ ነው አንድ ጎጥ ውስጥ የላይኛው ባቄላ ተርፎ የታችኛው በውርጭ ነዶ የሚያድረው። ዘግይቶ የዘራ ሰው በኮከብ የደመቀ ሌሊት አይማርከውም።

ስለ ወንዶቹ ብቻ አወራሁ፤ የታኅሣሥ ከባዱ ሸክም ያለው ግን ጓዳ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ደቦ የሚጠራው በዚሁ ጾም ውስጥ ነው። ከሌሊት ጀምሮ የሚወቃ ሃያ ሰው ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት መጥገብ አለበት፤ ሽሮው፣ ንፍሮው፣ የሱፍና የተልባ ፍትፍቱ፣ ጠላው በሙሉ የሴቷ ሥራ ነው። ጌሾው ቀድሞ ካልተወቀጠ፣ ብቅሉ ካልተዘጋጀ፣ ደቦው አይሰበሰብም። ያንኑ ሰሞን የበዓሉን ጠላ ለብቻ ትጠምቃለች፣ በርበሬዋን ታስፈጫለች፣ ላሟ የምትታለብ ከሆነ በጾሙ የማይበላውን ቅቤ ታጠራቅማለች። አውድማ ላይ እህል ተመረተ ሲባል ባሏ ይመሰገናል። ደቦው እንዳይበተን ያደረገችው እሷ ናት።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል መጣን፤ ገበያው። ገና ሲደርስ ሁለት ዋጋዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። እህል ይረክሳል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚወቃው በአንድ ሰሞን ነው፤ ከብት፣ በግ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤ ደግሞ ይወደዳል፣ ምክንያቱም የከተማው ሰው ሁሉ ጾሙን የሚፈታው በአንድ ቀን ነው። እህል የሚወደደው ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ጎተራው ሲጎድል ነው። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ባለችው የመጨረሻ የገበያ ቀን በግ እየነዳ ወደ ከተማ የሚወርደውን ገበሬ ስታዩ "ለበዓል ወጪ ሊሸጥ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ስሌቱ ከዚያ ይጠልቃል። በተወደደበት ቀን በጉን ሸጦ፣ በረከሰበት ቀን ጤፉን ከመሸጥ እየዳነ ነው። በጉ ለጎተራው ዘብ ቆሟል ማለት ነው። ጤፍ ደግሞ ለዚህ ተንኮል የተፈጠረ እህል ነው፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ አይደፍረውም፣ በደንብ ከደረቀ ዓመታት ይቀመጣል። ስንዴና በቆሎ ያለው ሰው እንዲህ ልቡ ሞልቶ አይጠብቅም።

ችግሩ ሁሉም መጠበቅ አለመቻሉ ነው። በክረምት በብድር የወሰደው ማዳበሪያ አለ፤ ዕዳው የሚጠየቀው እህል ሲገባ ነው። የመሬት ግብር አለ። መሬቱ የራሱ ካልሆነና የእኩል አራሽ ከሆነ፣ ምርቱ አውድማው ላይ ተሰፍሮ ግማሹ ለባለ መሬቱ ይሄዳል። እህሉ ሳይሰፈር ስንት ኩንታል ይሆናል እያሉ ጮክ ብሎ መገመት በብዙ ቦታ የሚጠላው በረከቱን ያሸሻል ተብሎ ነው፤ እኔ ሌላም ምክንያት ይታየኛል፣ አውድማ ሁልጊዜ ጠያቂ ጆሮ የማያጣው ቦታ ነው። አያቶቻችን የሚሸሹት የአስራት ገማች ነበር። አስራት ቀርቶ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ፣ የጎጃም ገበሬ ምርቴን ማን ይለካዋል ብሎ ነፍጥ እስከ ማንሳት ደርሷል።

ቁጥሩንም እወቁት፤ የጤፍ ምርት በአገር ደረጃ በአማካይ ከሄክታር 20 ኩንታል አይሞላም፣ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ሙሉ ሄክታር ጤፍ የለውም። ከዚያ ላይ ዘር፣ ዕዳ፣ ግብር፣ የቤት ቀለብ ይቀነሳል። የጥር ሠርግም አለ፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ነው፣ ልጅ የሚድር ሰው በገና ሳምንት ጎተራውን የሚያየው በሠርጉ ጠላ እያሰላ ነው።

እንግዲህ ቀኑ ሲደርስ ይህ ሁሉ ለጥቂት ሰዓት ይቀመጣል። ሌሊቱን ቅዳሴ ይቆማል፤ ርቀው የሄዱት ላሊበላ ናቸው። ጠዋት ጾሙ ይፈታል፤ በግ የሸጠው ሰው በቅርጫ መደቡን ይዞ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ጎረምሳውም ሽማግሌውም ቆልማማ ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወጣል። ሜዳው ራሱ የመኸሩ ስጦታ ነው፤ ከሁለት ወር በፊት ሰብል የነበረ ማሳ ካልታጨደ ጥንጉን የሚያሯሩጡበት ቦታ አይኖርም ነበር።

የታጨደው ማሳ ግን ለከብትም ክፍት ነው። መኸሩ ሲሰበሰብ የመንደሩ ከብት በየማሳው ተለቆ ገለባና ቃርሚያ ይለቅማል፣ ማንም የእኔ ነው አይልም። ሽምብራው ያልደረሰለት ሰው በዚህ ሰሞን እንቅልፍ የለውም። ልጁ ጨዋታውን ከዳር እያየ እሸቱን ይጠብቃል፤ አንድ ወይፈን ጥሶ ከገባ የገና ማግስት ሽምግልና ተገኘ ማለት ነው።

ይህ የቆየ ሥርዓት አሁን ከሁለት ወገን እየተገፋ ነው። አርሲና ባሌ ላይ ስንዴውን የሚያጭደውም የሚወቃውም ኮምባይነር ነው፤ ኪራዩ በኩንታል ይከፈላል፣ ገበሬው የሚጨነቀው ስለ ነፋስ ሳይሆን ደላላው ማሽኑን ለማን ቀድሞ እንደሚሰጥ ነው። በሌላ በኩል የበጋ መስኖ ስንዴ መጥቷል። መራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ተሠርቷል፤ እዚያ ገና ሲደርስ የአንዱ ማሳ ገለባ ሆኖ የጎረቤቱ ለምለም ቡቃያ ነው። ውሃ ደግሞ በተራ ነው የሚመጣው፣ ተራው በዓል አይመርጥም። ለገና ሌሊት የደረሰው ሰው ከማን ጋር እንደሚቀያየር፣ ከብቱስ በጥር የት እንደሚለቀቅ፣ ጥፋት ቢደርስ ካሣው ስንት እንደሚሆን፣ ድሮ መልስ የማያስፈልጋቸው ጥያቄዎች ነበሩ። አሁን የውሃ አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች በየጥላው ቁጭ ብለው አዲስ ደንብ ያወጡላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚሰበሰቡት መውቃት በማይፈቀድበት የበዓል ቀን ነው።