የልብ መድኃኒት በራያ ቆላ

በበለጸጉት አገሮች የልብ ሐኪም በአብዛኛው የሚያክመው ዕድሜው የገፋና የልቡ ደም ሥር የጠበበ ሰው ነው። ከራያ ገጠር ተነሥተው ለሕክምና ወልድያ ከሚደርሱት መካከል ግን ወጣቶች ብዙ ናቸው። የልባቸውን ቫልቭ ያበላሸው በልጅነታቸው የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊከላከል የተነሣበት ኃይል ዞሮ ቫልቩን ይጎዳል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው።

ስለዚህ ከሁሉም የሚቀድመው ፔኒሲሊን ነው። ጉሮሮውን ታሞ እንጥሉን ሊቆረጥ የሚወሰድ ልጅ ጤና ጣቢያ ቢደርስ፣ በሽታው ልቡን ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ልቡ አንዴ ከተነካ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት ይወጋል። ነጩ ዱቄት በውሃ ሲበጠበጥ ይወፍራል፣ መርፌውን ይደፍናል፣ የተወጋው ልጅ ያን ቀን ያነክሳል። ታዳጊዎች ከቀጠሮ ቢቀሩ አልፈርድባቸውም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የኡጋንዳ ጥናት፣ ምልክት ሳያሳዩ ሕመሙ ከጀመራቸው ልጆች መካከል በ2 ዓመት ውስጥ የባሰባቸው መርፌውን ካልወሰዱት 8.2 በመቶ፣ ከወሰዱት 0.8 በመቶ ነበሩ።

ልብ ሲደክም ውሃ እግር ላይ ይወርዳል። ሐኪሙ ቅልጥሙን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሲለቅ ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆያል፤ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ የሚታዘዘው ያኔ ነው። የራያዋ ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በታኅሣሥ የተስማማው መጠን በሰኔ ሐሩር፣ ማሳ ላይ በላብ ለሚጠመቅ ገበሬ፣ ሊበዛበት ይችላል። ሲነሣ ያዞረዋል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል፤ ሌላውን የልብ መድኃኒት ዲጎክሲንን አብሮ የሚወስድ ከሆነ ዲጎክሲኑ በደሙ ውስጥ ይጠራቀምና ያስመልሰዋል፣ ነገሩ ሁሉ ቢጫ መስሎ ይታየዋል። በየቀጠሮው ክብደት መመዘን ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የማዘዣው ግማሽ እሱ ነው።

ጾምም አለ። ሙስሊሙ በረመዳን፣ ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም የኪኒን ሰዓቱን ያዛባል፤ አንዳንዱ ሳይናገር ይተወዋል። አስቀድሞ የጠየቀ ሐኪም ሰዓቱን ከማፍጠሪያው ጋር ያስማማል።

ከሁሉ የሚከብደው የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ነው። የልቡ ምት ለተዛባ የቫልቭ ሕመምተኛ ደም እንዳይረጋና ጭንቅላቱን እንዳይመታው ይሰጣል። ሲያንስ አይከላከልም፣ ሲበዛ ያደማል፤ በጾም ወራት የሚበዛው ጎመን ደግሞ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት። ቆቦ ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደሴ ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ይርቃል፤ መንገዱ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መዘጋቱንም የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ምርመራ የማይሻ አዲስ መድኃኒት ይተካዋል የሚል ተስፋ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውና ከ4,500 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት፣ ዋርፋሪን የወሰዱት ከአዲሶቹ አንዱን ሪቫሮክሳባንን ከወሰዱት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት እንደቆዩ አሳየ። ዋርፋሪንም፣ ለደከመ ልብ የሚሰጠው ኤናላፕሪልም ጽንስ ይጎዳሉ። ለወጣት ሴት ከመታዘዛቸው በፊት ስለ እርግዝና መጠየቅ ግዴታ ነው።

ቫልቭ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፤ ለዚህ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በጥቁር አንበሳ ግቢ የተቋቋመው የልብ ማዕከል ባለውለታችን ነው። ተራው እስኪደርስ ግን ሰው የሚኖረው በኪኒን ነው።

አንድ የሚዘነጋ ጥያቄ አለ። ማሽላ ሲታጨድ ወገባቸውን ያመማቸው አባት ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ ይገዛሉ፤ እሱ ጨውና ውሃ ያስቀራል፣ እግራቸው እንደገና ያብጣል። «አባባ፣ ሌላ የዋጡት ኪኒን አለ?» ካልተባሉ ላሲክሱ ይጨመርላቸዋል፤ ዲክሎፌናኩም ኪሳቸው ውስጥ ይቆያል።